የኮምፕዩተር እንቅልፍ፤ የትእዛዙን ባለቤት የሚመረምር አጭር ታሪክ

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው ኮምፕዩተር በሥራ መካከል የሚያርፍበትን፣ በተለምዶ «እንቅልፍ» የሚባለውን ሁኔታ ታሪክ ነው። ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ ለታሪክ ጥናት የማይበቃ ትንሽ ጉዳይ መስሎ ሊታየው ይችላል። ይሁን እንጂ በየጽሕፈት ቤቱና በየተማሪው መኝታ ክፍል ዘወትር ከሚሰሙት አቤቱታዎች ብዙዎቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። አንዱ «ኮምፕዩተሬ አልተኛም አለኝ» ይላል፤ ሌላው «ሌሊት ማንም ሳይነካው ይነሣል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ከተኛ በኋላ አልነቃ ብሎ የጻፍሁት ሁሉ ጠፋ» ብሎ ያዝናል። ሦስቱ አቤቱታዎች የተለያዩ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው።

ብዙ ጊዜ እነዚህ ችግሮች የሴቲንግ ጉድለት ይባሉና መፍትሔያቸው አንድ ቦታ ላይ ምልክት ማድረግ ወይም ምልክት ማንሣት ብቻ እንደሆነ ይነገራል። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ ስንመለከተው ከዚህ የጠለቀ ሆኖ አግኝተነዋል። ኮምፕዩተር እንዲተኛና እንዲነቃ የማዘዝ ሥልጣን ከ1940ዎቹ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። መጀመሪያ የጥገና መሐንዲሶች፣ ቀጥሎ መኪናውን የሚሠራው ፋብሪካ፣ ከዚያም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ በመጨረሻም በመረብ የሚመጡ አገልግሎቶች ሥልጣኑን በየተራቸው ይዘውታል። ነገር ግን የቀድሞው ባለ ሥልጣን ሥፍራውን ለቆ በወጣ ቁጥር ከፊሉን ሥልጣን ይዞ ቀርቷል። ዛሬ አንድ ኮምፕዩተር አልተኛ ወይም አልነቃ ሲል የምናየው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ ባለ ሥልጣኖች አለመስማማት ነው። ይህንንም በሚከተሉት ክፍሎች ለማስረዳት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

፩፤ ማጥፋቱ የሚያስፈራ መኪና

በአሜሪካን አገር በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በጆን ሞክሊና በፕሬስፐር ኤከርት መሪነት ተሠርቶ በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው የሒሳብ መኪና ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫልቮች ነበሩት። የሚወስደውም የኤሌክትሪክ ኃይል 150 ኪሎ ዋት ያህል ነበር። ይህም ዛሬ አንድ ላፕቶፕ በሥራ ላይ ሳለ ከሚወስደው ጋር ሲነጻጸር በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ነው። እንዲህ ያለውን ኃይል የሚበላ መኪና ሥራ በሌለው ሰዓት ሊጠፋ ይገባው ነበር ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፤ የተደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ምክንያቱም የሚከተለው ነው። ቫልቭ የሚሠራው በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ነው። ሽቦው ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ቫልቮች የሚበላሹት መኪናው በሚበራበትና በሚጠፋበት ሰዓት ነበር። መሐንዲሶቹም ከመጠገን ይልቅ አለማጥፋት እንደሚቀል ተረዱ። ኤኒያክ ወደ አበርዲን የጦር መሣሪያ መሞከሪያ ሥፍራ ተዛውሮ በጁላይ 1947 እንደገና ከተነሣ በኋላ እስከ ኦክቶበር 1955 ድረስ ሳይዘጋ የኖረው ስለዚህ ነው። በ1954 አንድ ጊዜ 116 ሰዓት ያለ ብልሽት መሥራቱ እንደ ትልቅ ነገር ተመዝግቦለታል።

በዚያ ዘመን እንግዲህ ኃይልን መቈጠብና መኪናውን መጠበቅ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት ዓላማዎች ነበሩ። ቫልቭ በትራንዚስተር ከተተካ በኋላ ምክንያቱ ቢጠፋም ልማዱ አልጠፋም። «ኮምፕዩተር ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋት ያበላሸዋል» የሚለው አባባል ቫልቭ አይተው በማያውቁ ሰዎች ዘንድ እንኳ እስከ ዛሬ ይሰማል።

ከዚህ ዘመን ሳንወጣ አንድ ሌላ ነገር ልንጠቅስ ይገባናል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የኮምፕዩተር ማስታወሻ የሚሠራው ከትናንሽ የማግኔት ቀለበቶች ነበር። ቀለበቱ አንድ ጊዜ ከተመገነጠ በኋላ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የያዘውን አይረሳም። እንግዲህ የዚያ ዘመን ኮምፕዩተር ማስታወሻውን ለመጠበቅ ብሎ እንቅልፍ የሚባል ሥርዓት አላስፈለገውም ማለት ነው።

፪፤ የሚረሳ ማስታወሻና የባትሪ ችግር

የዛሬው እንቅልፍ እንዲፈጠር ያስገደዱት ሁለት ግኝቶች ሁለቱም በ1960ዎቹ የተገኙ ናቸው። የመጀመሪያው በ1963 በፌርቻይልድ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ዋንላስ ያቀረበው ሲሞስ የሚባለው የወረዳ አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ሁለት ዓይነት ትራንዚስተሮች ተጣምረው ስለሚሠሩ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። ስለዚህ ወረዳው ኃይል የሚወስደው በዋናው ሁኔታውን በሚለውጥበት ቅጽበት ነው፤ ዝም ብሎ በሚቆይበት ጊዜ የሚወስደው እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህ ግኝት በፊት ሥራ የፈታ መኪና ከሚሠራው ብዙ ያላነሰ ይበላ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ሥራ መፍታት ራሱ ቁጠባ ሆነ።

ሁለተኛው የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ሮበርት ዴናርድ ያገኘው፣ በ1968 የፈጠራ መብት የተሰጠበት ዲናሚክ ራም ነው። በዚህ ማስታወሻ እያንዳንዱ ቢት የሚቀመጠው በትንሽ የኤሌክትሪክ ክምችት መልክ ነው። ክምችቱ ግን እንደ ቀዳዳ እንስራ ያፈስሳል፤ ስለዚህ በየጥቂት የሰከንድ ሺኛው እየተነበበ እንደገና መሞላት አለበት። ርካሽነቱና ብዙ መያዙ የማግኔቱን ቀለበት ከገበያ አስወጣው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ጊዜ ሁሉን ይረሳል።

እንቅልፍ የሚባለው ነገር ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል የተወለደ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ሲሞስ ማረፍን ጠቃሚ አደረገው፤ ራሙ ደግሞ ፈጽሞ መጥፋትን አደገኛ አደረገው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ማስታወሻው ብቻ ጥቂት ኃይል እየተሰጠው የሚቆይበት መካከለኛ ሁኔታ አስፈለገ።

አስፈላጊነቱ መጀመሪያ የታየው በባትሪ በሚሠሩ መኪናዎች ነው። በ1983 የወጣው ቲ.አር.ኤስ. 80 ሞዴል 100 በአራት ትናንሽ ባትሪዎች 20 ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር፤ ቢጠፋም የተጻፈበትን አይረሳም። በ1989 አፕል ያወጣው ማኪንቶሽ ፖርታብልም በፍጥነት ይተኛና ይነቃ ነበር። ይህን ያስቻለው ውድ የሆነውን፣ መሞላት የማያሻውን ስታቲክ ራም መጠቀሙ ነው። ኢንቴል በ1990 ባወጣው 386 ኤስ.ኤል. በተባለው ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሳያውቅ የፋብሪካው ፕሮግራም ሥራውን አቋርጦ የሚገባበትን ልዩ በር ከፈተ። ይህ በር በኋላ ለተነሣው የሥልጣን ክርክር መነሻ ከሆኑት አንዱ ስለሆነ አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

፫፤ የመንግሥት መግባት

በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፕዩተር ባትሪ ስለሌለው ስለ ቁጠባ የሚያስብለት አልነበረም። ለስክሪኑ ግን ይታሰብ ነበር። የጥንቱ ስክሪን አንድ ሥዕል ለብዙ ሰዓት ከታየበት ምልክቱ መስተዋቱ ላይ ይቀራል። ጆን ሶካ የተባለ ሰው በዲሴምበር 1983 በሶፍቶክ መጽሔት ላይ ያወጣው ትንሽ ፕሮግራም ቁልፍ የሚነካ ሰው በጠፋ ጊዜ ስክሪኑን ያጨልመው ነበር። ከዚህ የተወለደው «ስክሪን ሴቨር» በኋላ ወደ ጌጥና ጨዋታ ተለወጠ። ስሙ አዳኝ ቢሆንም የሚያድነው መስተዋቱን እንጂ ኤሌክትሪኩን አይደለም፤ እንዲያውም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማሳየት ፕሮሰሰሩን ያሠራል። ዛሬም ስክሪን ሴቨር አድርጎ ኃይል የቈጠበ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከመንግሥት ነው። የአሜሪካን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1992 ኤነርጂ ስታር የተባለውን ምልክት አቋቋመ። ምልክቱ መጀመሪያ የተሰጠው ለኮምፕዩተሮችና ለስክሪኖች ነው፤ ለማግኘትም ሥራ በፈታበት ሰዓት ከ30 ዋት ያልበለጠ መውሰድ ያስፈልግ ነበር። አሠራሩ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስለነበረ ኩባንያዎቹ ሊንቁት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ፕሬዚደንት ክሊንተን በአፕሪል 1993 በትእዛዝ ቁጥር 12845 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚገዟቸው ኮምፕዩተሮች ይህን መመዘኛ የሚያሟሉ እንዲሆኑ አዘዙ። መንግሥት ትልቅ ገዢ ስለሆነ ምልክቱ የሌለው ፋብሪካ ትልቅ ገበያ የሚያመልጠው ሆነ። በዚያው ዓመት ቬሳ የተባለው የስክሪን ሠሪዎች ማኅበር ኮምፕዩተሩ ስክሪኑን እንዲያርፍ የሚያዝበትን ምልክት ደነገገ።

ይህ አካሔድ በኋላም ቀጥሏል። ፕሬዚደንት ቡሽ በ2001 የመንግሥት ግዢ ከተቻለ በተጠንቀቅ ሁኔታ ከ1 ዋት በማይበልጡ ዕቃዎች ላይ እንዲሆን አዘዙ። የአውሮፓ ማኅበርም በ2008 ባወጣው ደንብ ለቤት የሚያገለግሉ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጠፍተው ሳለ የሚወስዱትን ኃይል ከ2010 ጀምሮ በ1 ዋት፣ ከ2013 ጀምሮ በግማሽ ዋት ወስኗል። በእኛ አስተያየት የእንቅልፍ ሥርዓት በየኮምፕዩተሩ ሊዳረስ የቻለው በመሐንዲሶች ብልሃት ብቻ ሳይሆን በገዢ ኃይል ጭምር ነው።

፬፤ ሁለቱ ሕጎች

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። በ1992 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ኤ.ፒ.ኤም. የተባለውን ሕግ አወጡ። በዚህ ሕግ የእንቅልፍ ሥልጣን በአብዛኛው የባዮስ፣ ማለት በፋብሪካው በመኪናው ውስጥ ተጽፎ የሚቀመጠው ፕሮግራም ነበር። ባዮሱ የራሱን ሰዓት እየቈጠረ «ይህ መኪና ሥራ ፈትቷል» ብሎ ይፈርዳል። ችግሩ ባዮሱ ሰውየው ምን እየሠራ እንደሆነ የማያውቅ መሆኑ ነው። ቁልፍ አለመነካቱን ያያል፤ ነገር ግን አንድ ረጅም ስሌት በመካሔድ ላይ መሆኑን ወይም ፋይል በመረብ በመተላለፍ ላይ መሆኑን አያይም። ስለዚህ ሥራ በመካከሉ ይቋረጥ ነበር።

ይህን ለማረም ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በዲሴምበር 1996 ኤ.ሲ.ፒ.አይ. የተባለውን አዲስ ሕግ አወጡ። አዲሱ ሕግ ሥልጣኑን ከባዮስ ወስዶ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሰጠ። ደረጃዎችንም ወሰነ፤ ከእነርሱም ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው። ኤስ 0 የሥራ ሁኔታ ነው። ኤስ 3 ማስታወሻው ብቻ ኃይል እያገኘ ሌላው አብዛኛው ክፍል የሚጠፋበት የተለመደው እንቅልፍ ነው። ኤስ 4 ማስታወሻው ወደ ዲስክ ተገልብጦ መኪናው ፈጽሞ የሚጠፋበት፣ ሃይበርኔት የሚባለው ነው። ኤስ 5 ተራው መዘጋት ነው። ኤስ 4 በመሠረቱ ከላይ የጠቀስነውን የማግኔት ቀለበት ጥቅም በሌላ መንገድ መመለስ መሆኑን እናስተውላለን።

ይሁን እንጂ ዝውውሩ ፍጹም አልነበረም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እያንዳንዱን መኪና እንዴት እንደሚያስተኛ የሚያውቀው ፋብሪካው ጽፎ ከሚያስቀምጥለት ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ የተሳሳተ እንደሆነ አዛዡ የቱንም ያህል ጐበዝ ቢሆን ትእዛዙ ይሰናከላል። ብዙ ፋብሪካዎች ደግሞ ሠንጠረዡን የሚፈትኑት በዊንዶውስ ብቻ ስለነበረ በሊኑክስ የሚሠሩ ሰዎች ለብዙ ዓመት ተቸግረዋል። የሊኑክስ ሠሪዎችም በመጨረሻ መኪናው «አንተ ማነህ?» ብሎ ሲጠይቅ «ዊንዶውስ ነኝ» ብሎ እንዲመልስ አደረጉ።

በዚህ ረገድ አንድ ሰነድ መጥቀስ ያስፈልጋል። ቢል ጌትስ በጃንዋሪ 1999 ለባልደረቦቻቸው በጻፉት መልእክት ኤ.ሲ.ፒ.አይ. ለዊንዶውስ ብቻ የሚመች እንዲሆን ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቀው ነበር። መልእክቱ በኋላ በአዮዋ ግዛት በማይክሮሶፍት ላይ በተካሔደው ክርክር በማስረጃነት ቀርቧል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የሊኑክስ ችግር ሁሉ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ይላሉ። እኛ ግን ጥያቄና ድርጊት የተለያዩ ስለሆኑ ከመልእክቱ ይህን ያህል መደምደም አይገባም እንላለን። ፋብሪካዎቹ በብዛት የሚሸጠውን ብቻ መፈተናቸው ለነገሩ በቂ ምክንያት ይሆናል። ሕጉ በ2013 ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. ፎረም ለሚባለው የብዙ ኩባንያዎች ማኅበር ተላልፏል።

፭፤ የመከልከል መብትና አዲሱ እንቅልፍ

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አዛዥ ከሆነ በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም ተራ ፕሮግራም እንቅልፍን መከልከል ይችላልን? የሚል ነው። እስከ ዊንዶውስ ኤክስፒ ድረስ መልሱ አዎን ነበር። ሲስተሙ ሊተኛ ሲል ፕሮግራሞቹን ይጠይቃል፤ አንዱ እንቢ ካለ አይተኛም። አንድ ሰው ላፕቶፑን ከድኖ ቦርሳው ውስጥ ከጨመረ በኋላ አንድ የማይረባ ፕሮግራም እንቢ በማለቱ መኪናው በቦርሳው ውስጥ ሲግል ይቆይ ነበር። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ይህን መብት ሻረ። ባለቤቱ «ተኛ» ካለ ይተኛል። ነገር ግን በቆይታ ብዛት በራሱ የሚመጣውን እንቅልፍ ፕሮግራሞች ዛሬም ሊያዘገዩት ይችላሉ፤ ይህ ልዩነት ኋላ ለምርመራ ይጠቅመናል።

ቪስታ «ሃይብሪድ» የሚባለውን እንቅልፍም አመጣ። በዚህ ሁኔታ ማስታወሻው በራም እንዳለ ሆኖ ቅጂው በዲስክ ላይ ይቀመጣል። መብራት ካልተቋረጠ ቶሎ ይነቃል፤ ከተቋረጠም ከዲስኩ ይመለሳል። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት እንደኛ ባለ ከተማ ባትሪ የሌለውን ኮምፕዩተር በተራ እንቅልፍ ትቶ መሔድ ሥራን ለዕድል መስጠት ስለሆነ የዚህ አሠራር ጥቅም ለእኛ ግልጽ ነው።

የማንቃት ሥልጣንም እንዲሁ ከክፍል ወጥቷል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመረብ ካርድ ተኝቶ ሳለ እያዳመጠ ልዩ መልእክት ሲመጣለት መኪናውን እንዲቀሰቅስ ተደረገ። መልእክቱ በአንድ የተሞሉ 6 ባይቶችና የካርዱን አድራሻ 16 ጊዜ ደጋግሞ የያዘ ነው። ይህ የብዙ መኪናዎች ኃላፊ የሆነ ሰው ሌሊት እንዲጠግናቸው የሚረዳ ብልሃት ነው፤ ግን በሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ የሚያንኳኳው ኃላፊው ብቻ አይሆንም።

በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር፣ ቀጥሎም በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣው አሠራር ደግሞ የእንቅልፍን ትርጉም ራሱን ለወጠው። እንደ ስልክ ሁሉ ኮምፕዩተሩ ኤስ 0 ላይ እንዳለ ጭል ጭል እያለ ይቆያል፤ መልእክት ይቀበላል፣ ራሱን ያድሳል። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ኤስ 3 የሚባለውን ጨርሰው ትተውታል። ከዚህ የተነሣ ቪስታ አስወገደው የተባለው የቦርሳ ውስጥ ግለት በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል። ፊት የሚከለክለው ፕሮግራም ነበር፤ አሁን ግን እንቅልፉ ራሱ ግማሽ ንቃት ሆነ።

፮፤ ታሪኩ ለምርመራ የሚሰጠው ጥቅም

ከላይ የተተረከው ታሪክ ችግር ለገጠመው ሰው ቅደም ተከተል ይሰጠዋል ብለን እናምናለን። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛውን ምልክት ላንሣ?» ተብሎ ሳይሆን «ያዘዘው ማን ነው?» ተብሎ ነው።

አስቀድሞ መኪናው የትኞቹን የእንቅልፍ ደረጃዎች እንደሚያውቅ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ፓወርሲኤፍጂ የተባለው መሣሪያ ይህን ዘርዝሮ ይነግራል። ኤስ 3 የሌለውን ላፕቶፕ በኤስ 3 ምክር ለማዳን መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ለእንዲህ ያለው መኪና በቦርሳ ከመጨመሩ በፊት ሃይበርኔት ማድረግ ይሻለዋል።

መኪናው በራሱ አልተኛ ሲል በእጅ እንዲተኛ ማዘዝ ነው። በእጅ ታዞ የሚተኛ ከሆነ ጥፋቱ እንቅልፉን ከሚያዘገይ ፕሮግራም ነው፤ ይህም ድምፅ የሚያጫውት፣ ፋይል በመረብ የሚያካፍል ወይም የመሰለው ሊሆን ይችላል። ይኸው መሣሪያ ከ2009ኙ ዊንዶውስ 7 ጀምሮ የከልካዮቹን ስም ይዘረዝራል። በእጅ ታዞም የማይተኛ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ድራይቨርና ወደ ፋብሪካው ፕሮግራም ይዞራል።

ሳይነኩት የሚነሣ መኪና ቀስቃሽ አለው። ቀስቃሹ ማውስ፣ የመረብ ካርድ ወይም ለዕድሳት የተቀጠረ ሰዓት ሊሆን ይችላል። መጨረሻ የቀሰቀሰው ማን እንደሆነ ከጠየቁ በኋላ የዚያን ዕቃ የመቀስቀስ ፈቃድ ብቻ መንሣት ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መንሣት ግን ባለቤቱ ራሱ በኪቦርድ እንዳይቀሰቅሰው ሊያደርግ ይችላል።

ተኝቶ የማይነቃ ከሆነ ሃይበርኔትን መሞከር ይጠቅማል። ከሃይበርኔት በደኅና ተመልሶ ከተራው እንቅልፍ የማይመለስ ከሆነ፣ ከሃይበርኔት ሲነሣ የፋብሪካው ፕሮግራም መኪናውን እንደ አዲስ ስለሚያሰናዳው፣ ጥፋቱ ከተራው እንቅልፍ በሚመለስበት ጊዜ በሚደረገው ማሰናዳት ላይ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። በዚህ ጊዜ የስክሪን ድራይቨሩንና የፋብሪካውን ፕሮግራም ማደስ ይቀድማል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በብዙ መኪናዎች ላይ «ሻት ዳውን» ራሱ በከፊል ሃይበርኔት መሆኑንም ማወቅ ያሻል፤ ፈጽሞ እንደ አዲስ የሚጀምረው «ሪስታርት» ሲባል ነው። በዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡና የለወጡትን እየጻፉ መሔድ የመርማሪ ደንብ ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ የኮምፕዩተር እንቅልፍ አንድ ጊዜ ታስቦ የተሠራ ሥርዓት ሳይሆን በየዘመኑ በላይ በላይ የተከመረ ነው። ከቫልቭ ዘመን የማጥፋት ፍርሃትን፣ ከራም ዘመን የመርሳት ሥጋትን፣ ከባዮስ ዘመን የፋብሪካን ሠንጠረዥ፣ ከመረብ ዘመን ከሩቅ የሚመጣ ቀስቃሽን ወርሷል። ከ2007 በፊት ባለቤቱ ተኛ ቢል ፕሮግራም ይከለክለው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ተኛ ቢል የሚተኛው በከፊል ነው። ኃይልን መቈጠብ ጥሩ ሕግ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ኃይሉንም ኪሣራውንም የሚከፍለው ባለቤቱ ከሆነ የመጨረሻው ትእዛዝ የእርሱ ሊሆን ይገባል። ይህ ደግሞ ኩባንያዎች በሚሰጡት መልካም ፈቃድ ብቻ እንደማይገኝ የ1993ቱ የመንግሥት ግዢ ትእዛዝ ያስተምረናል። ገዢ የሚፈልገውን አውቆ ሲጠይቅ ሠሪው ይሰማል። በትምህርት ቤቶቻችንና በመሥሪያ ቤቶቻችን ኮምፕዩተር የሚገዙ ሰዎች ከዋጋውና ከፍጥነቱ ጋር «ይህ መኪና እንዴት ይተኛል? የሚያስነሣውስ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ የዚህ ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ከእስካሁኑ የተሻለ ሊሆን ይችላል።